ዘይት በላን

መኪና እንዳልሠራ የለመነችኝ ሰው በዕድሜዬ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ደጄን የሚረግጠው "ቶሎ አድርስልኝ" ለማለት ነው። እሷ ግን በማለዳ ጋራዤ በር ላይ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ "ወንድሜ፣ በማርያም፣ ያችን መኪና እንዳትነካት" አለችኝ። ባሏ ታስሮ ነበር። መኪናዋ እሱ ሲነዳት የኖራት፣ መታሰሩም በእሷ የመጣበት፣ ያን ጊዜ ከኋላዬ ጉድጓዱ ላይ የቆመችው ናት።

ጋራዤ ሆሳዕና መናኸሪያው ጀርባ ነበር። ጋራዥ እንበለው እንጂ ነገሩ የቆርቆሮ ጣራ፣ ሰው ገብቶ ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድና አንድ በዘይት የጠቆረ ጠረጴዛ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው ከተማ ሱቅ ከፍቶ የኖረ ሰው ነው። እኔ ሱቅ መቀመጥ አላስችል ብሎኝ አዲስ አበባ ሄጄ ሙያ ተማርኩና ተመለስኩ። ጠባዬም ለሱቅ አይሆንም፤ ደሜ ቶሎ ይፈላል፤ ገበያተኛ አንድ ዋጋ ሁለቴ ከጠየቀኝ ዕቃውን ከእጁ ነው የምነጥቀው። ሞተር ላይ ግን ትዕግሥት አላጣም። ሚስቴ ለሰው የነፈግከውን ለብረት ትሰጣለህ ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

የታሰረው ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ክሊኒክ ሾፌር ነበር። ክሊኒኩ ያለው አንድ አሮጌ ባለ ሸራ የመስክ መኪና ብቻ ነው። በእሷ መድኃኒት ይመጣል፣ ክትባት ይወጣል፣ ምጥ የጠናባት ሴት ትጫናለች። ሾፌሩ ሀዲያ ነው፤ ቤቱ የሚናገረው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን የለመደው መንገድ ላይ፣ ከተሳፋሪና ከትራፊክ ፖሊስ ነው። ይግባባል፤ ግን አንዳንዴ ከቃሉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጅራት ይጥላታል። ወዳጆቹ ነንና እንቀልድበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል። ያ ቀልድ አንድ ቀን እስር ቤት ያሳድረዋል ብሎ ማን ጠረጠረ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን፣ የሞተር ዘይት በስንት ፊርማ የሚገኝበት ጊዜ ነው። በዚህ መሃል መኪናዋ ዘይት መብላት ጀመረች። ዘይት መብላት የኛ የጋራዥ አነጋገር ነው፤ የሞተሩ ዘይት ሳይፈስ ሳይንጠባጠብ ዝም ብሎ ሲጎድል መኪናዋ ዘይት በላች እንላለን። ጣጣው የመጣው ከዚህች ቃል ነው። የመንግሥት ንብረት የሰረቀም በላ ነው የሚባለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት የማያውቅ አለ እንዴ? ቃሏ አንድ ናት፤ ለሞተርም ለሌባም ታገለግላለች።

አንድ ቀን ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ከአውራጃው የመጣ ካድሬ ነበር፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ከፍ ባያደርግም ሲናገር ሁሉም ሰው መሬት መሬት ያያል። ክሊኒኩ ያለ ልክ ዘይት እንደሚያወጣ ተነግሮት ስለነበር ሾፌሩን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስነሣውና፣ ዘይቱን ማን በላው ብሎ ጠየቀው። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ዘይት በላን ጓድ፣ ዘይት በላን" አለ።

እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን እንደነገሩኝ ገባኝ። ድህነት በላን፣ ጦርነት በላን እንደሚባለው ነው። የዘይት ነገር ፈጀን፣ መከራ ሆነብን ማለቱ ነው። ግን ይህችው ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትጨመርባት ሳትቀነስባት፣ "እኛ ዘይት በላን" ማለትም ትሆናለች። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ለራሴ ደጋግሜ ብያታለሁ፤ በጆሮ የሚለይ ነገር የላትም። ዘይቱ በላን ቢል ይለይ ነበር፤ ያችን ጅራት ግን እንደ ልማዱ ጣላት። ስብሰባው የሰማው ሁለተኛውን ነው። ሰውዬው በገዛ አፉ አመነ ተባለ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል?

ካድሬውም ወዲያው ያዘው። በላን ካልክ ብቻህን አይደለህም ማለት ነው፤ ከማን ጋር ነው የበላኸው አለው። ሾፌሩ ምን እንደተናገረ የገባው ያኔ ነው። ዝም አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እሱ ግን ዝም በማለቱ ነው የባሰበት። ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለና ከስብሰባው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። የተባባሪዎቹን ስም እስኪያወጣ ሆሳዕና ይቆያል፤ ካላወጣ ወደ ክፍለ ሀገሩ እስር ቤት ይተላለፋል አሉ። ወደ ክፍለ ሀገር በአሻጥር የተላለፈ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እኔ አላየሁም። አየሁ የሚል ሰውም አላጋጠመኝም።

መኪናዋን በማግስቱ ወደ እኔ ያመጣት የክሊኒኩ ኃላፊ ነው። እሱ ከምባታ ነው፤ ጤና ረዳት፣ ለስላሳ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሳለመው፤ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝም እሱ ነው። የክትባት ዘመቻ ደርሷልና ቶሎ እንድትሠራ ካድሬው አዟል አለኝ። ስለ ሾፌሩ ስጠይቀው እግዚአብሔር ያውቃል አለና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሻይ እንኳ አልጠጣም። እኔም ያኔ አዝኖ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጭስ እንደ ሽንት ነው፤ ሐኪም ከቀለሙ ነው የሚጀምረው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመ ውሃ ገብቷል። ሰማያዊ ከሆነ ግን የምታቃጥለው ዘይት ነው። የዚህችኛዋ ሰማያዊ ነው፤ የሚሸተውም የተቃጠለ ዘይት ነው። ዘይት ወደማይገባበት የሚገባው ደግሞ በሁለት በኩል ነው፦ ከሥር ፒስተኑን በሚያጠብቀው ፋሻ፣ ወይም ከላይ በቫልቩ። ፋሻ ካለቀ መኪና ዳገት ላይ ሳታቋርጥ ታጨሳለች፤ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲከፈትም ከውስጥ ትተነፍሳለች። ክዳኑን ከፍቼ እጄን ዘረጋሁበት፤ ምንም የለም። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ነቀልኩና ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ፣ ከመናኸሪያው የጠራሁትን ወዛደር ሞተሩን በማኖቬላ፣ በእጅ ማዞሪያው ብረት፣ አስዞርኩት። ሞተሩ ጣቴን ገፍቶ አስነሣው። ጉልበቱ ደህና ነው፤ ሥር ያለው ፋሻ ጤነኛ ነው። ካንዴላዎቹ ግን ጫፋቸው ላይ ጥቁር ቅርፊት አብቅለዋል።

ታዲያ በሽታው ከላይ ነው። ቫልቭ ግንዱ ላይ የምትገጠም ትንሽ ጎማ አለች፤ ጎሚኒ እንላታለን። ሥራዋ ከላይ ያለው ዘይት ወደ ታች እንዳይወርድ መያዝ ነው። ዕድሜና ሙቀት ሲበዛባት እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ትደርቅና ትሰነጠቃለች። መኪናዋ ቆማ ስታድር ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ ጠዋት ስትነሣ ያ ይቃጠልና አንዴ ቡን ብላ ትጠራለች። ረጅም ቁልቁለትም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ ሲወርድ ሞተሩ አየር አጥሮት ዘይቱን ከላይ ይስባል፤ ሥር ደርሶ ነዳጅ ሲረግጥ የተሳበው ሁሉ ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ሜዳ ላይ ግን ምንም የማታውቅ ጨዋ መኪና ናት። ለዚህ ነው ማንም ሳያያት ይህን ሁሉ ዘይት የጨረሰችው።

ሴትዮዋ የመጣችው ይህን ሁሉ አውቄ መፍቻዬን ባነሣሁበት ጠዋት ነው። ለባሏ ቁርስ አድርሳ መመለሷ ነበር። ጣቢያው አጥር ላይ ሹክ ያላትን ነው የነገረችኝ፦ "ጭሱ ከጠፋ እኔም ጠፋሁ በዪልኝ ብሎሃል።"

ቁጭ አልኩ። ልክ ነው። ሰውዬው ዘይቱን እንዳልሸጠ በዚህ ዓለም ያለው ምስክር ያ ጭስ ብቻ ነው። እኔ ሥራዬን አሳምሬ ከሠራሁ ምስክሩን ገደልኩት ማለት ነው። መኪናዋ ንጹሕ ሆና ትወጣለች፤ እነሱም ይኸው ደህና መኪና፣ ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ ይላሉ።

እሷ ግን ሌላም ነገር ነበራት። ለመናገር አመነታች፤ ማልልኝ አለችና ለማንም ላልናገር ማልኩላት። ባሏ መኪናዋ ማጨስ እንደጀመረች ለኃላፊው ነግሮት ነበር፤ አንዴም አይደለም፣ ደጋግሞ። ኃላፊው ማሠሪያ በጀት የለም፣ ለጊዜው እየጨመርክ ንዳ እያለ ነው የመለሰው። ታዲያ ይህን ለምን አልተናገረም ብዬ ጮህኩባት፤ እሷ ላይ ምን ያስጮኸኛል። እሷም ሳትቆጣ አስረዳችኝ። የኃላፊውን ስም ካነሣ፣ ከማን ጋር በላህ ላሉት ጥያቄ መልስ ሰጠ ማለት ነው። አብሮት የበላ እሱ ነው ብለው ወዲያው ያስሩታል። ስለዚህ ባሏ አፉን ዘግቶ፣ ኃላፊው ራሱ መጥቶ እስኪናገር እየጠበቀ ነው። ኃላፊውም ይህን ያውቃል።

ከሄደች በኋላ መፍቻዬን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ጎሚኒዎቹን የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሹፌር ወዳጄ ከመርካቶ ይዞልኝ መጣ፤ የሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አኖርኳቸው። መኪናዋስ እያሉ ለሚጠይቁኝ ሁሉ ዕቃው አልመጣም እላለሁ። ዕቃው ኪሴ ውስጥ ሲነካኝ ይሰማኛል፣ አልመጣም እላለሁ። ዛሬም ቢደርስብኝ እንዲያው ነው የምለው።

በመጀመሪያ ካድሬውን ሄጄ፣ መጥተው ይዩ አልኩት። መጣ፤ ለዚህ አላማውም። ጠዋት ነው፤ የሆሳዕና ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሲናገር ቃሉ በአፉ ላይ ይተናል። መናኸሪያው ውስጥ የተሰለፉት አውቶቡሶች ሁሉ ሞተራቸውን እያሞቁ ነጭ እንፋሎት ይለቃሉ። የኔዋን አስነሣኋት፤ እንደ ልማዷ አንዴ ቡን አለችና ጠራች። ካድሬው አውቶቡሶቹን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ብርድ ነው አለ። ነጭና ሰማያዊ ለየቅል ነው ብዬ ላስረዳው ስል ደሜ ፈላ፤ ድምፄ ከፍ አለ። እሱ በዚያች በማትጮህ ድምፁ፣ የሾፌሩ ጠበቃ ነህ ወይስ ሜካኒክ አለኝ። አቃጠለኝ። እሱ ሲሄድ ማርሚታዋን በእግሬ መታኋት፤ ጣቴን ነው ያመመኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኃላፊውን ደጀ ሰላሙ ጋ ጠበቅኩት። ሚስቶቻችንን ቀድመው እንዲሄዱ አደረግንና አጥሩ ሥር ቆምን። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ለልጄ በክርስትናው ዕለት ሰይጣንን የካድክለት አንተ አይደለህም ወይ አልኩት። ሰውየው የአንተን ስም ላለመጥራት ብሎ ይኸው ሲሚንቶ ወለል ላይ ይተኛል፤ አንተ ሸሚዝህን ቆልፈህ ተሸልመህ ትቆርባለህ አልኩት። ሌላም ብዙ ብያለሁ፤ ከአፌ የሚወጣውን አልመረጥኩም። ይመልስልኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ ሰማኝና፣ "አውቃለሁ" አለ። ጥላውን አንሥቶ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ሾፌሩን በሚቀጥለው መኪና ወደ ክፍለ ሀገር ሊያስተላልፉት ነው የሚል ወሬ መጣ። ሚስቱ ለመንገዱ ቆሎ እየቆላች እንደሆነ ሚስቴ አየቻት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ካድሬው የገበያ ቀን ሙዱላ ስብሰባ ነበረው፤ የራሱ መኪና ሌላ ሥራ ላይ ስለሆነች የክሊኒኩን አድርሱልኝ ብሎ ላከ። ኃላፊው ለክትባቱ ሙዱላ መድረስ ስላለበት አብሮ ይሄዳል። የሚነዳ ስለሌለ ልነዳ የምችለው እኔ ነኝ። ተነሥቼ ካድሬው ቢሮ ሄድኩ።

መኪናዋን አልሠራኋትም አልኩት። ሳልሠራት ይዤዎት ልሂድ፤ ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ ሆነው ይዩ። ብርድም የለም፣ ጠዋትም አይደለም። ትክ ብሎ አየኝና ካላጨሰችስ አለ።

"ካላጨሰች፣ ከማን ጋር በላ ለሚሉት መልሱ እኔ ነኝ" አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የተሰማኝ። ሚስቴ ብትሰማ ኖሮ በዚያው ቀን ትፈታኝ ነበር። ካድሬው ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ጥሩ ነው አለ።

የዚያን ቀን በሆሳዕናና በአንጋጫ መሃል፣ ከዚያም እስከ ዱራሜ፣ መኪናዋ እንደ ሙሽራ ሄደች። አንዲት የጭስ ጭራ የላትም። ዳገቱንም በደህና ወጣች። ካድሬውና ኃላፊው ከኋላ ሸራው ሥር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የኋላው ሸራ እንዲታይ ወደ ላይ ተጠቅልሏል። በመስታወት አያቸዋለሁ። እኔ ከፊት ብቻዬን በአፌ ሰላም ለኪ እላለሁ። ሰው መኪናው እንዲያጨስ ሲጸልይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጸልያለሁ።

ከሙዱላ በፊት ረጅም ቁልቁለት አለ። ማርሽ ቀንሼ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሣሁ። ሞተሩ እያቃሰተ ሲወርድ፣ ዘይቱ በየቫልቩ ግንድ ሲሳብ በዓይኔ የማየው ይመስለኝ ነበር። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው ዳር ይይዛሉ። ሥር ስንደርስ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።

መስታወቴ ጠፋ። የኋላው ነገር ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ጭሱ ሸራው ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም አሳላቸው። መኪናዋን አቁሜ ወረድኩ። ካድሬው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ወርዶ መንገዱ መሃል ቆመ። ጭሱ መሬቱን ይዞ ወደ ላይ እየተጎተተ ነው፤ ገበያተኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ምን ጉድ ነው እያሉ ያልፋሉ። ካንዴላ ነቅዬ ቅርፊቱን አሳየሁት፣ ጎሚኒዎቹን ከኪሴ አውጥቼ የት እንደሚገቡ አስረዳሁት። ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ያልገባውን መልሶ ጠየቀ። ገባው። ዘይቱን መኪናዋ እንደበላችው አመነ። እኔም ተንፈስ አልኩ፤ አሁን አለቀ ብዬ።

አላለቀም። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና እንዲህ አለ፦ "ይህ ጭስ ዛሬ አልጀመረም። ሾፌሩ እያየ ለምን አላሳወቀም? እያወቁ የመንግሥት ዘይት ማቃጠልም አሻጥር ነው።"

ደሜ ቀዘቀዘ። ይህን ጭራሽ አላሰብኩትም። ጭሱ ነፃ ያወጣዋል ብዬ ስለፋ፣ በሌላ በር አስገባሁት። ለሚስቱ በማርያም ስም ምያለሁ፣ የነገረችኝን ላልናገር። ኃላፊውን ላለማየት ፊቴን ወደ ሞተሩ አዞርኩ። ካንዴላውን ወደ ቦታው መመለስ ጀመርኩ።

ኃላፊው ያን ጊዜም ከመኪናዋ አልወረደም ነበር። ሲወርድ ሰማሁት፤ ጫማው አፈሩን ሲነካ። ሸሚዙ እንደተቆለፈ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል።

"አሳውቋል" አለ። "ለእኔ ነው የነገረኝ፣ ደጋግሞ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ካድሬው ዞር ብሎ አየው። ስብሰባው ላይ ነበርክ አይደል ብሎ ጠየቀው። ነበርኩ አለ። ካድሬውም ከዚያ በላይ አልጠየቀውም። ወደ መኪናዋ ገባን፤ አሁን ካድሬው ከፊት ከእኔ ጋር ተቀመጠ፣ ኃላፊው ከኋላ ብቻውን ሆነ። ሙዱላ ስንገባ ገበያው ደርቶ ነበር።

ሾፌሩ በዚያው ሳምንት ተፈታ። ይቅርታ ያለው የለም፤ ሂድ ተባለ፣ ሄደ። ኃላፊውን አላሰሩትም፤ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ከሙዱላም ወዲያ ወዳለ አንድ የገጠር ጤና ኬላ ተመደበ። በዚያ ዘመን ይህ እንደ ምሕረት ነው የሚቆጠረው። ሚስቱና ልጆቹ ቤት እስኪያገኝ ሆሳዕና ቀሩ።

አሁን መኪናዋን መሥራት ይቻላል። ሾፌሩ ራሱ አመጣትና አብሮኝ ሠራ። ከስቷል፤ ሳቁ የለም። በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ እናስገባለን፤ እሱ በማኖቬላ ቀስ ብሎ ሲያዞር ፒስተኑ ይወጣና ገመዱን ከቫልቩ ሥር ይወትፈዋል። እንዲህ ካልተደገፈ የላይኛው ሞላ ሲፈታ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይወድቃል። አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች ሳወጣቸው በጣቶቼ መካከል ተፈረፈሩ። ያንን ሁሉ መከራ ያመጣው እፍ ቢሉት የሚበተን ነገር ነው። አዲሶቹን በዘይት አርሼ አንድ በአንድ ስገጥም ሾፌሩ መብራት ይዞልኝ ቆመ። ስለ ኃላፊው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። እኔም አላነሣሁበትም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ።

ኃላፊውን ወደ አዲሱ ቦታው የሚያደርስ መኪና ግን ያችው ናት፤ የሚነዳትም ያው ሾፌር ነው። ሌላ ከየት ይመጣል። ሥራዬን በዚያ ቁልቁለት ላይ መፈተን ነበረብኝና አብሬ ሄድኩ። ከኋላ የኃላፊው አልጋ፣ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥንና የወጥ ቤት ዕቃ ተጭኗል። ሦስታችን ከፊት ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ እኔ ከመሃል ነኝ። የአንዱ ትከሻ በዚህ ይነካኛል፣ የአንዱ በዚያ። ሾፌሩ ከተፈታ በኋላ ሁለቱ እስከዚያች ቀን ድረስ አልተገናኙም ነበር። ሰላምታ ሲለዋወጡ እጅ ተጨባበጡ፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ቁልቁለቱን ወረድን። ሥር ስንደርስ ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ። ዞሬ አየሁ፤ መንገዱ ጥርት ያለ ነው፣ አቧራ ብቻ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ጭኔን እመታ ነበር።

ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ "ለምን ቆዩ?" አለ።

ለእኔ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ኃላፊው ወደ ውጭ እያየ መለሰ።

"ፈርቼ ነው።"

"እኔም ፈርቼ ነበር" አለ ሾፌሩ።

ደረስን። ጤና ኬላው አንድ ክፍል ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መዝጊያ የሌለው። ሾፌሩ አልጋውን ፈትቶ ብቻውን ተሸከመ፤ ላግዘው ስል በትከሻው መለሰኝ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር መንገድ ለቀቀለትና ግድግዳውን ተደግፎ ማልቀስ ጀመረ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አላየውም። አልጋውን መጀመሪያ ከመስኮቱ ሥር አኖረው። ቆም ብሎ መስኮቱን አየ። ከዚያ ጎተተና ነፋስ ወደማያገኘው ጥግ ወስዶ ዘረጋለት።